በሰው ተስፋ ለቈረጠ የሚነበብ ታሪክ፤ ስለ ሉዊ ብሬልና ስለ ስድስቱ ነጥቦች

ሽማግሌዎች በደጀ ሰላም ወይም በዛፍ ጥላ ተሰብስበው ሲጫወቱ የዓለም ወሬ ይነሣል። ያንዱ አገር ጦርነት፥ የሌላው አገር ረኃብ፥ ወንድም በወንድሙ ላይ መነሣቱ ይነገራል፤ በመጨረሻም ካንዱ አፍ «እንግዲህ ሰው ተስፋ የለውም» የሚል ቃል ይወጣል። ይህንንም ቃል ዳር ተቀምጦ የሚያዳምጥ ልጅ ይሰማዋል። ልጁ ገና ሰውን ሳያውቅ ሰውን መናቅ ይማራል።

ወሬ በባሕርዩ ክፉውን ያስቀድማል፤ ቤት ሲቃጠል ይወራል እንጂ ቤቱ በደኅና ሲያድር የሚያወራ የለም። ስለዚህ ወሬ ብቻ የሚሰማ ሰው ስለ ሰው ያለው ዕውቀት እኩሌታ ነው። መጽሐፍ ግን ከወሬ ይልቅ ትዕግሥት አለው፤ አንድ ሰው የጀመረውን ሌላው ሲቀበለው፥ ሌላው የተቀበለውን ሦስተኛው ሲፈጽመው፥ ይህም ሁሉ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሲፈጅ ለማሳየት የሚችል መጽሐፍ ነው። ይህን ስንል ክፉውን የሚሰውርና ሰውን ሁሉ መልአክ የሚያስመስል ንባብ ለተማሪ ይነበብ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ንባብ ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ መጀመሪያ የተንኰለኛ ሰው እጅ ሲያገኘው ያን ጊዜውኑ ይፈርሳል። ተስፋን የሚያድሰው ንባብ ጭካኔውንም ቅናቱንም ሳይደብቅ የሚናገር፥ ነገር ግን በጭካኔው መካከል ደግ የሠሩትን በስማቸው የሚያስታውስ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው እንደዚህ ያለ ታሪክ ነው፤ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ማንበብ የሚችሉ ሽማግሌዎችም ለጎረቤቶቻቸው ሊያነቡት ይችላሉ። በውስጡ ያለው የዓመት ቍጥር ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በ1771 በፓሪስ ከተማ በገበያ በዓል ላይ አንድ የቡና ቤት ባለቤት ዓይነ ስውራንን ሰብስቦ ሾጣጣ ቆብ ደፍቶላቸው፥ ብርጭቆ የሌለው ትልልቅ የወረቀት መነጽር አድርጎላቸው፥ ሊያዩት የማይችሉትን የዜማ ወረቀት በፊታቸው ዘርግቶ፥ መሰንቆ የመሰለ የሙዚቃ መሣሪያ አስያዛቸው። እነሱም ባልተማሩት ዜማ ሲንጫጩ ሕዝቡ እየተሰበሰበ ይሥቅባቸው ነበር። ገበያተኛውም ብዙ ገንዘብ አተረፈ። ከሚያዩት ሰዎች መካከል ቫላንተን አዊ የሚባል፥ ሥራው ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ መተርጐም የሆነ ጸሐፊ ነበረ። እሱ አልሣቀም። እነዚህ ሰዎች በእውነት ሊያነቡ የሚችሉበት መንገድ ይገኝ ይሆን ብሎ ማሰብ ጀመረ፤ ዐሳቡም ወደ ሥራ እስኪደርስ ዐሥራ ሦስት ዓመት አለፈ።

በ1784 አዊ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ፍራንስዋ ለሱር የሚባል የ17 ዓመት ዓይነ ስውር ለማኝ አገኘ። ልጁም በልመናው ቤተ ሰቡን የሚረዳ ስለ ነበረ ልመናውን ትቶ ለመማር አይችልም ነበር። አዊ ምን አደረገ? ልጁ ለምኖ የሚያገኘውን ገንዘብ ያህል ከራሱ እየከፈለው ያስተምረው ጀመር። ብዙ ሰው ለድኃ ምክር ይሰጣል፤ ድኃው ምክሩን ለመፈጸም የሚያጣውን ዋጋ የሚከፍል ግን ጥቂት ነው። ያስተማረውም ከወረቀት በላይ ከፍ ብሎ የታተመ ፊደል በጣት በማስዳሰስ ነበረ። ለሱር ማንበብ ቻለ፤ በ1785ም አዊ ለዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ።

ፊደልን በጣት መዳሰስ ግን በአዊ አልተጀመረም። በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ዲዲሞስ ገና በሕፃንነቱ ዓይኑ ጠፍቶ ሳለ በእንጨት ላይ የተቀረጸ ፊደል በጣቱ እየዳሰሰ እንደ ተማረ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶዞሜን ጽፎለታል። ነገር ግን ያ ትምህርት ለዲዲሞስ ብቻ ቀረ፤ ተከታይ አላገኘም።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንመለስ። ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኩቭሬ የሚባል መንደር አለ። በዚያ መንደር ኮርቻና ልጓም እየሠራ የሚኖር አንድ ሰው ነበረ። በጥር 4 ቀን 1809 ሉዊ የሚባል አራተኛ ልጅ ተወለደለት። ልጁ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ከአባቱ መሥሪያ ቤት ገብቶ ቆዳ መብሻውን ወስፌ አንሥቶ አባቱን ሊመስል ሲሞክር ወስፌው አዳልጦት አንዱን ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ መረቀዘ፤ ሕመሙም ወደ ሁለተኛው ዓይን ተላለፈ። በአምስት ዓመቱ ሉዊ ፈጽሞ የማያይ ሆነ።

በዚያ ዘመን በገጠር ዓይኑ የጠፋ ልጅ ዕድሉ ወይ ልመና ነበር፥ ወይም በቤት ጥግ ተቀምጦ መኖር። አባቱ ግን መንገዱን እየነካ የሚሄድበት ዱላ ቀረጸለት፤ በእንጨት ላይ ምስማር እየመታም የፊደሉን መልክ እንዳስዳሰሰው ይነገራል። የመንደሩ ቄስ አባ ፓሉዊ ወደ ቤታቸው እየጠሩ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በቃል አስተማሩት። ቀጥሎም ቄሱ የመንደሩን መምህር ይህን ልጅ ከሌሎች ጋራ እንዲቀበለው ለመኑት። የመምህሩ ስም ቤሽሬ ይባላል። ቤሽሬ ለዓይነ ስውር የሚሆን መጽሐፍ አልነበረውም፤ ዓይነ ስውርን የማስተማር ጥበብም አልተማረም። የሠራው ሥራ ልጁን ከሌሎቹ ጋራ አስቀምጦ እንዲያዳምጥ መፍቀድ ብቻ ነው። ሉዊም በመስማት ብቻ ከጓደኞቹ የማያንስ ተማሪ ሆነ። በመጨረሻም ቄሱና መምህሩ የአገሩን ባላባት አማለዱ፤ ባላባቱም ወደ ፓሪስ ጻፈለት። ሉዊ በ1819 በየካቲት ወር በዐሥር ዓመቱ አዊ ወደ መሠረተው ትምህርት ቤት ገባ።

ቤቱ አሮጌና እርጥበት የበዛበት ነበረ፤ የብዙ ልጆችን ሳንባ የጐዳ ቤት ነው። መጻሕፍቱም ጥቂቶች ነበሩ። አንዱ ፊደል በጣት እንዲታወቅ ትልቅ ሆኖ መታተም ስላለበት አንድ አጭር መጽሐፍ እንኳ ለሕፃን ከአቅም በላይ ይከብድ ነበር። ደግሞ ተማሪው የመጀመሪያውን ፊደል ዳስሶ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የፊተኛውን ይረሳው ነበር። ከሁሉ የሚብሰው ጉድለት ግን ተማሪው በዚህ ፊደል ሊያነብ እንጂ ሊጽፍ አለመቻሉ ነው። የሰማውን ለመጻፍ፥ ለእናቱ ደብዳቤ ለመላክ፥ ያነበበውን በማስታወሻ ለመያዝ አይችልም ነበር።

በ1821 ሻርል ባርቢዬ የሚባል የመድፈኛ ጦር መኰንን የነበረ ሰው አዲስ አጻጻፍ ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ይህ ሰው ትምህርት ላልደረሳቸው ሰዎችና ለዓይነ ስውራን የሚቀል ጽሕፈት ይፈልግ ነበር። ፊደልን ትቶ በወፍራም ወረቀት ላይ በመውጊያ የሚወጋ ነጥብ አደረገ፤ እስከ ዐሥራ ሁለት የሚደርሱ ነጥቦችም አንዱን ድምፅ ያመለክቱ ነበር። ተማሪዎቹ ነጥብ ከመሥመር ይልቅ ለጣት ፈጥኖ እንደሚታወቅ በዚያን ጊዜ ተረዱ። ዳሩ ግን ዐሥራ ሁለት ነጥብ ባንድ የጣት ጫፍ ሥር አይገባም፤ ጣቱን ወደ ላይና ወደ ታች ማመላለስ ያስፈልጋል። ደግሞ ድምፁን እንጂ የቃሉን ትክክለኛ አጻጻፍ አያሳይም፤ ነቍጥ፥ ቍጥርና ዜማም የለውም።

ሉዊ ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርት ሲያልቅ፥ ሌሊት ጓደኞቹ ሲተኙ፥ በዕረፍት ወራትም በአባቱ ቤት ሆኖ ወረቀት ሲወጋ ሦስት ዓመት ያህል ቈየ። በ1824 በዐሥራ አምስት ዓመቱ ነገሩን ጨረሰ። ዓይኑን ያጠፋው ወስፌ ነበር፤ ያነበበውና የጻፈውም በወስፌ መሰል መሣሪያ ሆነ።

የሥራው ብልሃት እንዲህ ነው። ነጥቦቹ ስድስት ብቻ ናቸው፤ በቁመት ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። በግራ ያሉት ከላይ ወደ ታች 1፥ 2፥ 3 ይባላሉ፤ በቀኝ ያሉት 4፥ 5፥ 6። ስድስቱም ባንድ ጊዜ ባንድ የጣት ጫፍ ሥር ይገባሉ። አንዳንዱን በመውጋትና አንዳንዱን በመተው 63 ልዩ ልዩ ምልክት ይገኛል። ሉዊ ምልክቶቹን እንዲያው በዘፈቀደ አላደላቸውም። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር የፈረንሳይ ፊደላት በላይኞቹ አራት ነጥቦች ብቻ ጻፈ፤ የሚቀጥሉት ዐሥሩ እነዚያው ሆነው ሦስተኛው ነጥብ ይጨመርባቸዋል፤ ከነሱ የሚቀጥሉት ደግሞ ሦስተኛውና ስድስተኛው ይጨመርባቸዋል። ስለዚህ ዐሥሩን ያጠና ሰው የቀረውን በጥቂት ቀን ያውቀዋል። በዛሬው አጻጻፍ እነዚያው ዐሥር ፊደላት የቍጥር ምልክት በፊታቸው ሲቆም ቍጥር ይሆናሉ፤ ይህም ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም፥ የግእዝ ቍጥርም ከጽርእ ፊደል የተወሰደ ነውና።

በ1829 ሉዊ ሥራውን በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ቃልን ብቻ ሳይሆን ዜማን፥ የቤተ ክርስቲያንንም ዜማ ጭምር በነጥብ መጻፍን የሚያስተምር ነው። በድጓ ላይ ከቃሉ በላይ በቀጭን ብርዕ የተጻፈውን ምልክት የሚያውቅ መሪጌታ ይህ ነገር ምን ያህል ጭንቅ እንደ ነበረ ያስተውለዋል። በመጽሐፉም መቅድም ሉዊ የመጀመሪያውን ዐሳብ ያገኘው ከባርቢዬ መሆኑን በምስጋና ገለጸ። ባርቢዬ ልፋቱ በሕፃን እጅ መለወጡን በደስታ እንዳልተቀበለው ቢነገርም ሉዊ ያን መምህሩን አላቃለለውም።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛው መናገር ያስፈልጋል። የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ ሰባት መልክ ስላለው ከሁለት መቶ ይበልጣል፤ ምልክቱ ግን 63 ነው። ታዲያ እንዴት ይበቃል? ፊደሉ ተከፈለ፤ የድምፁ መነሻ ለብቻው፥ ካዕብ፥ ሣልስ፥ ራብዕ የሚያደርገውም ድምፅ ለብቻው ምልክት ተሰጠው። «ሉ» ለመጻፍ በመጀመሪያ የ«ለ» ቤት ምልክት፥ ቀጥሎ የ«ኡ» ምልክት ይወጋል። በዚህ ዓይነት ዛሬ በኢትዮጵያ ከአንደኛ ደረጃ እስከ ዩኒቨርስቲ በብሬል የሚማሩ ዓይነ ስውራን አሉ። አጻጻፉም እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ ስሌት በሚባለው ሰሌዳ መካከል ይገባል፤ ስታይለስ በሚባለው አጭር መውጊያ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል። ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ከፍ ብለው ይገኛሉ፤ ንባቡም ከግራ ወደ ቀኝ ይሆናል።

ሉዊ ብሬል በተማረበት ቤት መምህር ሆነ፤ በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናትም ኦርጋን የሚባለውን መሣሪያ ይመታ ነበር። ነገር ግን ፊደሉ ወዲያው አልተከበረለትም። በ1840 ዱፎ የሚባል አዲስ የትምህርት ቤት ሹም ተነሣ፤ ነጥቡም ቀርቶ ትምህርቱ ከፍ ብሎ በሚታተመው ፊደል ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ምክንያቱ ፈጽሞ የሞኝ ምክንያት አልነበረም። የሚያዩ ሰዎች ነጥቡን አያነቡትም፤ ስለዚህ ዓይነ ስውራን ከሌላው ሰው እንዲለዩ ያደርጋቸዋል ተባለ። ለዚህም ሉዊ አስቀድሞ መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ በ1839 ዓይነ ስውር ለሚያይ ሰው የሚጽፍበትን፥ የፊደሉን መልክ በነጥብ የሚሥለውን ሌላ አጻጻፍ አውጥቶ ነበርና። ነገር ግን ሹም አንድ ጊዜ ካዘዘ በኋላ መልስ መስማት ይከብደዋል።

ተማሪዎቹ ግን ትእዛዙን አልተቀበሉም። መጻፊያ ሰሌዳ ሲከለከሉ በምስማርና በሹራብ መሥሪያ መርፌ፥ ባገኙት ሹል ነገር ሁሉ እየወጉ በስውር ይጻጻፉ፥ ታላላቆቹም ለታናናሾቹ ያስተምሩ ነበር። በጣቱ ማንበብን ያወቀ ልጅ ምን ያህል ቢቀጣ እንደማይረሳው በዚህ ታወቀ። የሹሙ ረዳት የነበረው ጓዴ ይህን አይቶ ልቡ ተለወጠ፤ አለቃውንም ቀስ ብሎ አስረዳው። በየካቲት 1844 አዲሱ የትምህርት ቤት ሕንፃ ሲመረቅ በእንግዶች ፊት ፈተና ተደረገ። አንድ ተማሪ ግጥም ሲነበብለት በነጥብ ጻፈ፤ ቃሉን ያልሰማ ሌላ ተማሪ ተጠርቶ ገባና በጣቱ እየዳሰሰ ሳያጐድል አነበበው። የከለከለው ዱፎ ራሱ በዚያ ቀን ፊደሉ እንዲመሰገን ፈቀደ። ስሕተቱን በአደባባይ የሚያርም ሹም ከማይሳሳት ሹም ይልቅ ብርቅ ነው፤ ስለዚህ የዱፎም ስም በዚህ ታሪክ በክፉ ብቻ ሊነሣ አይገባውም።

ሉዊ በዚያን ጊዜ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ነበር። በጥር 6 ቀን 1852 በ43 ዓመቱ ዐረፈ። ወዳጆቹ እንደ ተረኩት ሳይከፈት እንዲቃጠል የተናዘዘበት አንድ ትንሽ ሣጥን ነበረ። እነሱ ግን መታገሥ አቅቷቸው ከፈቱት፤ በውስጡም ድኆች ተማሪዎች ከሱ ገንዘብ ሲበደሩ የሰጡትን የዕዳ ወረቀት አገኙ። ማን ምን ያህል እንዳለበት ማንም እንዳያውቅ፥ ወራሽም እንዳይጠይቃቸው፥ ዕዳው ከሱ ጋራ እንዲቀበር ፈልጎ ነበር። ወረቀቶቹም እንደ ኑዛዜው ተቃጠሉ።

ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1854 ፊደሉ በፈረንሳይ ትምህርት ቤት የታወቀ ሆነ፤ በ1878 ከልዩ ልዩ አገር የመጡ መምህራን በፓሪስ ተሰብስበው ለሌሎችም አገሮች እንዲሆን ተስማሙበት። በ1952 ዐፅሙ ፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎቿን ወደምታሳርፍበት ወደ ፓንቴዎን ተወሰደ። የኩቭሬ ሰዎች ግን ሁሉንም አልሰጡም፤ እጆቹ በመንደሩ መቃብር ቀሩ።

በኢትዮጵያ ዓይነ ስውር ተማሪ በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት ከጥንት ጀምሮ ነበረ። ንባቡን ከጓደኛው አፍ እየሰማ፥ ሌሊት እየቀጸለ፥ ዓይናቸው የበራ ሁሉ የሚማሩበት መምህር እስኪሆን የደረሰ ብዙ ነው። ይህ ክብር ያለው ትምህርት ነው፤ ግን አንድ ጉድለት አለው። ሌላ ሰው ካላነበበለት መጽሐፉ ለሱ የተዘጋ ነው፤ ያነበበለትም ሰው ቢሳሳት ወይም ቢዘል በራሱ ሊመረምረው አይችልም። ስድስቱ ነጥቦች የሞሉት ይህን ጉድለት ነው።

አሁንም ግን በየመንደሩ ዓይኑ የጠፋ ልጅ ሲኖር አንዳንድ ወላጅ በኀፍረት ይሰውረዋል፤ አንዳንዱም ይወድቅብኛል ብሎ በፍቅር ይሰውረዋል። ሁለቱም ልጁን ከትምህርት ያስቀሩታል። በዚህ ነገር ከመምህሩ ይልቅ ሽማግሌው ይሰማል፤ መምህር ለሁለት ዓመት የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል፥ ሽማግሌ ግን የወላጁ የዕድሜ ልክ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ወደዚያ ቤት የሚሄደው ሽማግሌው ይሁን፤ ሲሄድም ብቻውን ከመሄድ ከካህኑ ጋራ ቢሄድ ይሻላል። መምህሩ በበኩሉ የብሬል መጽሐፍ እስኪመጣ ድረስ አይጠብቅ። ልጁን ከፊት ያስቀምጠው፤ በሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ሁሉ እየጻፈ በቃሉ ይናገረው፤ ቤቱ በመንገዱ ላይ የሆነ አንድ ተማሪ መርጦ እንዲያመጣውና እንዲመልሰው ያድርግ። ከዚያም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የልጁን ዕድሜ ገልጾ፥ ስሌት፥ ስታይለስና ወፍራም ወረቀት እንዲላክለት፥ ብሬል የሚያውቅ መምህርም የት እንደሚገኝ እንዲነገረው ይጻፍ። መልሱ ቢዘገይ ደግሞ ይጻፍ።